«እግረ መንገድህን ይቺንም»፦ በሰፈር ሥራ የሚሸቅሉ ልጆች እንዳይጎዱ

ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ብዙ ልጆች ሽቀላ ፍለጋ ይወጣሉ። ምንጣፍ ማጠብ፣ ሮቶ ማጽዳት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ግድግዳ መቀባት፣ ሕፃን መጠበቅ፣ ማስጠናት፤ ሰፈር ውስጥ የሚሠራ አይጠፋም። ለደብተርና ለዩኒፎርም ይሆናል፣ ልጅንም ያነቃል። ጉዳት የሚያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተስማሙበት ሥራ ሳይሆን ሥራው ሊያልቅ ሲል የምትከተለው ቃል ናት፦ «እግረ መንገድህን ይቺን ዲሽ አስተካክልልኝማ»፣ «እግረ መንገድሽን ያንን ጉድጓድ ክዳኑን አንሺና እይልኝ»።

ምንጣፍ ሊያጥብ የመጣው ልጅ በነጠላ ጫማ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው። መሰላሉን የሚይዝለት የለም፣ ደክሞታል፣ እጁ በሳሙና ሙልጭልጭ ብሏል። ጠያቂዋ ደግሞ እናቱ የምታከብራቸው ጎረቤት ስለሆኑ እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ጓንትና ቦቲ ከመግዛት በፊት መማር ያለባችሁ ሥራውን መከለል ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሥራ ስትቀበሉ ሦስት ነገር በቁርጥ ይታወቅ፦ ምን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር። «ምንጣፍ ማጠብ» ብቻ በቂ አይደለም። ስንት ምንጣፍ ነው? የት ይታጠባል? የት ይሰጣል? ውኃው ከቧንቧ ነው ወይስ ከጀሪካን? ሳሙናና ቡሩሹ የማን ነው? ጥያቄው ለዋጋ ብቻ አይጠቅምም። «ጣሪያ ላይ ነው የምናሰጣው» የሚለውን መልስ ቤት ሆናችሁ ብትሰሙት ግቢ ደርሳችሁ ከምትሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ለወላጅ አጭር መልእክት ላኩ። እንዲህ ያለ፦ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው የቆርቆሮ አጥር። ሦስት ምንጣፍ። ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት። ሁለት ነን። የባለቤቷ ስልክ ይኸው።» ወላጅ በበኩሉ 7 ሰዓት ተኩል ካለፈና ልጁ ካልመጣ ስልክ ሲሞክር አይቆይ፤ ሄዶ በር ያንኳኳ። ለዚህም ነው ቤቱ በእግር የሚደረስበት ቢሆን የሚመረጠው።

ከቤተሰብ ጋር የምትግባቡበት አንድ ተራ ዓረፍተ ነገርም ይኑራችሁ። «ቁልፉን የድሮው ቦታ አስቀምጬዋለሁ» ብላችሁ ስትደውሉ «አሁኑኑ ና ውሰደኝ» ማለት ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምንም አይጠረጥርም። ሂሳብ ባይኖራችሁም «ይደውሉልኝ» የሚለው መልእክት ይሄዳል፤ ወላጅ እንዲህ ያለ መልእክት በሥራ ሰዓት ሲደርሰው ችላ አይበል።

እምቢ ማለትን በተመለከተ፣ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «አልሠራም» ማለት ለአብዛኛው ልጅ አይሆንለትም። ሰበቡን በወላጅ ላይ ማድረግ ይቀላል፦ «እማማ፣ እናቴ ጣሪያ እንዳልወጣ አስምላኛለች።» በእናት መሐላ ላይ የሚከራከር ትልቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ወላጅ ይህን መሐላ በእውነት ቢያስምል ደግሞ ልጁ አልዋሸም። ተጨማሪው ሥራ ቀላል ከሆነ፣ ለምሳሌ በረንዳ መጥረግ ከሆነ፣ ሰዓቱ እስካልተገፋ ድረስ ሥሩት፤ ቸርነት አይከለከልም። ከፍታ፣ ጉድጓድ፣ መብራት፣ ኬሚካል ወይም የተዘጋ ክፍል ያለበት ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው። ቤት ሳይጠየቅ አይጀመርም።

ዕድሜና ሰዓት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓትና በበዓል ቀን እንዳይሠራ ያደርጋል። ከመሬት በታች፣ በፍሳሽ ቦይ ውስጥና በኤሌክትሪክ መስመር ላይ መሥራትንም ይከለክላል። አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ላይ ተፈጻሚ ስላልሆነ የሰፈሩን ሥራ በቀጥታ አይገዛውም። ቢሆንም ፋብሪካ ውስጥ ለልጅ አደገኛ የተባለ ሥራ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ደኅና አይሆንምና መለኪያ አድርጉት። ለጉልበት ሥራ እኛ በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊትም ቤት መግባት እንዲኖር እንመክራለን። በክረምት ደመናው ቶሎ ያጨልማል።

ምንጣፍ፣ ውኃና መብራት

ምንጣፍ ማጠብ የዋህ ሥራ ይመስላል። ችግሩ ግቢው በሙሉ ውኃ ሆኖ ሳለ ከመስኮት የሚወርደው ማከፋፈያ ነው፤ ለውኃ ፓምፕ፣ ለቴፕ ወይም ለሌላ ነገር ተስቦ ሳሙና ውኃው መሃል ይጋደማል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ደረቅ እጅና ደረቅ ጫማ ሲኖር «ነዘረኝ» ብለን የምናልፈው ንክኪ፣ ቆዳ ሲርስና በባዶ እግር ሲቆም ልብ ሊያቆም ይችላል፤ የረጠበ ቆዳ ለመብራት በሩን ይከፍታልና።

ስለዚህ ውኃ ከመፍሰሱ በፊት ማከፋፈያው ከውኃው አካባቢ ይነሳ። ፓምፕ የግድ ከሆነ ሶኬቱ ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሁን፤ የሚሰካውና የሚነቅለው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፣ በደረቅ እጅ። እናንተ የላስቲክ ቦቲ አድርጉ። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፣ ነጠላ ጫማ ግን ያንሸራትታል። አሁን ዋናው ነገር፦ ቧንቧው፣ የብረት በሩ፣ የልብስ ማጠቢያው ወይም ምጣዱ በትንሹም ቢሆን ከነዘራችሁ ሥራው እዚያው ይቆማል። «እሱ ድሮም ይነዝራል፣ ምንም አያደርግም» ይሏችኋል። ድሮም መነዘሩ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረቱን እየነካ ነው፣ መሬት የሚያወርደው መስመርም የለም ማለት ነው። የቤቱ ሰዎች እስካሁን ያልሞቱት በደረቅ ወለል ላይ ስለቆሙ ነው፤ እናንተ ደግሞ ያንን ወለል ልታርሱት ነው የመጣችሁት።

ጓደኛችሁን መብራት ከያዘው አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ገመዱን ግፉት።

ምንጣፉ ራሱም ይከብዳል። ደረቅ ሳለ አንድ ልጅ የሚያነሳው፣ ውኃ ሲጠጣ ለሦስት ሰው ነው። ጠቅልላችሁ፣ ቆማችሁበት ውኃው ተጨምቆ እስኪወጣ ጠብቃችሁ፣ ከዚያ አንሱት። ለሸክም በጠቅላላው ቀላሉ ሚዛን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከዚያ የሚከብድ ነገር ለአንድ ልጅ አይሆንም። ሲሚንቶ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፣ የጤፍ ኩንታል 100።

ሮቶ ማጽዳት

ገንዘቡ ጥሩ ስለሆነ ልጆች የሚሻሙት ሥራ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ማማውን እዩ። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው፤ ይህን የተሸከመው ብረት ብየዳው ዝጎ ከሆነ ወይም የእንጨት ማማው በስብሶ ከሆነ ማንም አይውጣበት። ታንከሩ መሬት ላይ ወይም በሲሚንቶ ሰገነት ላይ፣ ዙሪያው መከለያ ባለበት ከሆነ መሥራት ይቻላል። ከፍ ባለ የብረት ማማ ላይ ያለው የልጅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፦ ወደ ውስጥ አትግቡ። ቀጭን ልጅ የሚፈለገው በአፉ እንዲሾልክ ነው፤ ግን ውስጡ አየር የለውም፣ ወለሉ አልጌ ስላለው ያንሸራትታል፣ የበረኪና ጭስ ከተነሳ ደግሞ በዚያች ጠባብ አፍ ማንም ጎትቶ ሊያወጣችሁ አይችልም። ከላይ ሆኖ እንዲህ ይጸዳል፦

1. መግቢያው ተዘግቶ ውኃው በታችኛው መውጫ ይፍሰስ፤ ከሥር አንድ ስንዝር ያህል ይቅር።
2. ረጅም እንጨት ላይ በደንብ በታሰረ ቡሩሽ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ፈግፍጉ። እጃችሁ ብቻ ይግባ፤ ጭንቅላትና ትከሻ ውጭ ይቅሩ።
3. ጭቃ የሆነውን ውኃ አስወጡ፣ በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ እንደገና አስወጡ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዙር ይበቃል።
4. በረኪና የሚጨመረው ታንከሩ እንደገና ሲሞላ ነው። ላዩ ላይ 5 ከመቶ ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ይበቃል። ሌሊቱን አድሮ ይደፋል፤ በማግስቱ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ በየቧንቧው ሽታው እስኪጠፋ ከፈሰሰ በኋላ ነው የሚጠጣው። ይህን ክፍል ለባለቤቱ ተዉለት።

ሰዎች የሚሳሳቱት በረኪናውን ባዶ ታንከር ውስጥ ደፍተው ለመፈግፈግ ሲሞክሩ ነው። ሁሉ ነገር ጭስ ሆኖ ፊታቸው ላይ ይወጣል።

በረኪናና ጓደኞቹ

በረኪና አሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአቼቶ ጋርም እንዲሁ። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ሌላ መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ብዙ ሽንት የቆየበት ሽንት ቤት ላይ በረኪና ሲደፋ ዓይን የሚያቃጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በውኃ ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ ማጽጃ ብቻ፣ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ። በረኪና በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሙቅ ውኃ ጭሱን ያበዛል። ለወለል በ10 ሊትር ባልዲ አንድ ትንሽ ስኒ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ሲሆን የበለጠ ያጸዳል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሳንባ ጎድቷል።

ሌላ ቤት ስትሠሩ ከማንኛውም ሃይላንድ አትጠጡ። በረኪናው፣ አኳራጁ (የቀለም ማቅጠኛው)፣ ነጭ ጋዙ፣ አንዳንዴም የባትሪ አሲዱ የሚቀመጠው በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው፤ ከውኃ የሚለየው ነገር የለም። ውኃችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በስህተት የጠጣ ካለ አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ራሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል። ዓይን ውስጥ ከገባ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ የዓይን ሽፋኑን ከፍቶ በመያዝ።

ቀለም ለምትቀቡ፦ አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ይሁን። በአኳራጅ የራሰ ጨርቅ ከሲጋራና ከምድጃ ይራቅ። ክረምት ነው ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም ብሎ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነድ ሰው ካለ ደግሞ ውጡ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው። ሕፃን የምትጠብቁም ብትሆኑ በብርድ ቀን ከሰል ያለበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ሲተኙ ከሰሉ ውጭ ይደር።

አሸንዳና ጣሪያ

አሸንዳ የሚጠረገው ዝናብ ሳይመጣ፣ ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ የሚጠራችሁ ሰው ውኃ ቤቱ ስለገባበት ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ያንሸራትታል። ከመሰላል ላይ ሆኖ እጅ የሚደርሰውን መጥረግ ይቻላል፤ ቆርቆሮው ላይ መውጣት አይቻልም። አሮጌ ቆርቆሮ ከላይ ደኅና መስሎ ከሥሩ ዝጎ ይቆያል፣ ከሥሩ ደግሞ ኮርኒስ እንጂ የሚይዝ ነገር የለም።

መሰላሉ ባሕር ዛፍ ላይ በምስማር የተመታ ከሆነ እያንዳንዱን መርገጫ በእግራችሁ መትታችሁ ሞክሩ። ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አራት ለአንድ ነው። ሲቀርብ ወደ ኋላ ይገለብጣል፣ ሲርቅ ከሥር ይንሸራተታል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ይያዘው፣ ያዥው ስልኩን አይንካ። ወደ ጎን አትንጠራሩ፤ እምብርታችሁ ከመሰላሉ እንጨት ካለፈ ወርዳችሁ መሰላሉን አንቀሳቅሱ። ከቤቱ ጫፍ አጠገብ የመብራት ገመድ ካለፈ ሥራው አይሠራም፤ ዲሽ ማስተካከልም ለባለሙያው ይቅር።

ጉድጓድ

ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጉድጓድ አትግቡ። የሽንት ቤት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ደርቋል የተባለም ቢሆን። እዚያ የሚከማቸው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መጀመሪያ የገማ ዕንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ» ያለ ሰው ሊወድቅ ነው። ጓደኛውን ሊያወጣ የሚገባው ሁለተኛው ልጅም እዚያው ይቀራል። የወደቀ ካለ ከላይ ሆናችሁ ጩኹ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ በ939 እሳትና አደጋን ጥሩ፤ አትውረዱ።

ዕቃ ማውረድ

ጎረቤት ቤት ሲቀይር መኪናው በር ላይ ይቆምና «ኑ አግዙን» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ በየአካባቢው የተደራጁ ጫኝና አውራጆች አሉ፤ ከመኪና የሚወርደውን የእኛ ነው ይላሉ፣ ከባለቤቱ ጋር ባልተስማሙበት ዋጋ ጠብ ይነሳል፣ ዱላው ደግሞ አቅም በሌለው ልጅ ላይ ያርፋል። ከመኪና ማውረዱን ተዉት። ግቢ ውስጥ የገባውን ወደ ክፍሎች ማስገባት ብቻ ተቀበሉ።

በሩ የት ነው?

ማስጠናት፣ ሕፃን መጠበቅና ቤት ማጽዳት ጉልበት አይፈልጉም፤ አደጋቸው ሌላ ነው። ለወንድም ለሴትም ልጅ ደንቡ አንድ ነው። የጠራችሁ ሰው ከሌለና ሌላ ሰው በር ከከፈተ አትግቡ፤ «እትዬ ሲመጡ እመለሳለሁ» በሉ። የሚያስጠኑት ሳሎን ነው፣ በሩ ገርበብ ብሎ። መኝታ ቤት ማጽዳት ካለ ሁለት ሆናችሁ። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን እንጂ ቻርጅ ላይ ሌላ ክፍል አይቅር። ቤት የሚያደርስ ሰው ካለ ወላጅ የሚያውቀው ይሁን። ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ስጦታ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የምትል ቃል፣ ወይም «ሌላ ከተማ፣ ዓረብ አገር የተሻለ ሥራ አለ» የሚል ደላላ ከመጣ ቀኑን ሳትውሉ ለቤተሰብ ንገሩ።

ጥቃት ከደረሰ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ገላን አለመታጠብ፣ ልብሱን ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት መያዝ (ፌስታል ያሻግተዋል) እና በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያና በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታሎች ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ድጋፉን አንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው።

«ዕቃ ጠፋብኝ»

ይህ ስም የሚያጠፋ ጉዳት ስለሆነ እንደ ስብራት ቁጠሩት። ትልቅ ቦርሳ ይዛችሁ አትሂዱ። ምንጣፍ ስትወስዱ ከባለቤቷ ጋር ቆጥራችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀድሞ የተቃጠለ ወይም የተቀደደ ካለ አሳዩ። ወርቅ ወይም ብር መሬት ወድቆ ብታዩ አታንሱት፤ ባለቤቷን ጠርታችሁ እሳቸው ያንሱት። ስትወጡ ሳትጠየቁ ቦርሳችሁን ከፍታችሁ አሳዩ። ያሳፍራል የምትሉ ከሆነ እንደ ሰላምታ ለምዱት።

ክፍያ በቴሌብር ከሆነ የከፋዩን ስልክ ስክሪን አይታችሁ አትሂዱ፤ የሚታመነው ከ127 በራሳችሁ ወይም በወላጅ ስልክ የሚገባው መልእክት ነው። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ትልቅ ሥራ ከሆነ ግማሹ መሃል ላይ ይከፈል።

ውሻው «አይናከስም»

በር ላይ የምትሰሙት የመጀመሪያ ቃል ነው። ለባለቤቱ አይናከስም፤ ለእናንተ ግን ታስሮ ወይም ክፍል ገብቶ ሳታዩ አትግቡ። ከነከሰ፣ ቢቧጭርም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው ቀድሞ የሚወሰደው ክትባት ነው። ቤተሰብ ጠበል ወይም የአገር መድኃኒት ቢፈልግ ከክትባቱ ጎን ይሁን እንጂ በምትኩ አይሁን። የዛገ ምስማር ለወጋው ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መቼ እንደወሰደ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። አምቡላንስ ከፈለጋችሁ ቀይ መስቀል በ907 ይገኛል፤ ስትደውሉ ግን አረንጓዴው የቆርቆሮ አጥር ከየትኛው ዳቦ ቤት ጀርባ እንደሆነ መናገር የሚችለው ጠዋት ያንን መልእክት የላከው ልጅ ነው።